ጋሽ ዘውዴና የንግግር አረፋዎቼ

የጋሽ ዘውዴን ሞት የሰማሁት ሥራ የመጣልኝ መስሎኝ ነው። አቶ አበራ፣ የጋሽ ዘውዴ ሟች ባለቤት ወንድም፣ አንድ ጠዋት ማተሚያ ቤታችን ገቡና ያለ ሰላምታ ስልካቸውን ጠረጴዛዬ ላይ አኖሩት። አቶ አበራ ያለ ሰላምታ የትም ገብተው አያውቁም። የሳቸው ሰላምታ ከአየሩ ተነስቶ፣ በእናት በአባት ጤና አልፎ፣ የመብራቱን መጥፋት አማርሮ ነው የሚያበቃው። ያን ቀን ግን የአንድ ሰው ፎቶ ከፍተው "በትልቁ አትምልኝ" ብቻ አሉ። እኔ ደግሞ ፊቱን ትቼ ጥራቱን አየሁ።

"ጋሼ፣ ይሄ ፎቶ በጣም ከተለቀ ይበታተናል። ሌላ የተሻለ የለም?" አልኳቸው።

"ከእንግዲህ ከየት ይመጣል?" አሉኝ።

ያኔ ነው ቀና ብዬ ፊቱን ያየሁት። ባርኔጣቸውን ወደ ግራ ጣል አድርገው፣ አንድ ዓይናቸውን ጨፈን አድርገው የሚያዩኝ ጋሽ ዘውዴ ነበሩ። እዚያው ወንበሬ ላይ ሆኜ ተንሰቀሰቅኩ። አልቃሹ እኔ፣ አባባዩ ባለ ኀዘኑ ሆኑ። አቶ አበራ ጀርባዬን እየመቱ "በቃ፣ በቃ" ሲሉኝ ማየት ለማተሚያ ቤታችን ደንበኞች ሳይገርም አልቀረም።

እንዲህ ነኝ እንግዲህ። ሰው ሲያሳዩኝ ፎቶ አያለሁ፣ ፎቶ ሲያሳዩኝ ጥራት አያለሁ። ጋሽ ዘውዴ ይህን ጠባዬን ያውቁት ነበር። "አንተ የሰው ፊት የምታየው ልታርመው ነው" ይሉኝ ነበር።

ሐረር፣ ከፈላና በር ወጣ ብሎ ባለች ማተሚያ ቤት ውስጥ ባነርና የሠርግ ካርድ እሠራለሁ። በትርፍ ጊዜዬ ደግሞ በኮምፒዩተር የሥዕል ታሪክ እሠራለሁ፤ ኮሚክ የሚባለውን፣ ሰው በስልኩ የሚያነበውን። ሰው ስል ያኔ አብዛኛው ሰው እናቴ ነበረች። ሐረር ተወልዶ ጅብ ያልሳለ ሰዓሊ የለም ሲሉ ሰምቼ፣ እኔ ጅብ አልስልም ብዬ ማልኩና ባጃጅ ነጂ ሳልኩ። ነጂዬ ግን ከጅቡ የባሰ የሚያስፈራ ሆነ፤ አፉን አይዘጋም።

በሥዕል ታሪክ ውስጥ ሰው ሲናገር ቃሉ ከራሱ በላይ በነጭ ክብ ውስጥ ይጻፋል። ክቡን የንግግር አረፋ እንለዋለን። ከአረፋው ሥር አንዲት ሹል ጅራት ትወጣለች፤ አንባቢው ጅራቷ ወደ ማን አፍ እንደዞረች አይቶ ነው ማን እንደተናገረ የሚያውቀው። በሥዕል ማቀናበሪያው ፕሮግራም ላይ ቀላል ሥራ ነው። ክብ ትስላለህ፣ ጅራት ትቀጥላለህ፣ ውስጡን ነጭ ትሞላዋለህ፣ ዙሪያውን በጥቁር ታሰምራለህ፣ ጽሑፉን ከላዩ ትከምራለህ። እኔ በደንብ የምችልበት የመጨረሻውን ነበር፣ መከመሩን።

ጋሽ ዘውዴ ማመልከቻ ጸሐፊ ነበሩ። ፍርድ ቤቱ በር ላይ ከአንድ የደበዘዘ ጃንጥላ ሥር ጠረጴዛ ዘርግተው፣ ለባለጉዳይ አቤቱታ ይጽፋሉ። የጻፉትን ሊያባዙ ወደ ማተሚያ ቤታችን ይመጣሉ። አንድ ቀን ወረቀታቸውን ኮፒ ሳደርግላቸው ስክሪኔን አዩት። ነጂዬ ጊደር መጋላ ገበያ መሀል የበርበሬ ጆንያ መንገድ ዘግቶበት ቆሟል፤ ከራሱ በላይ ደግሞ የእንቅብ አፍ የሚያህል አረፋ አለ፣ ጽሑፉ ከዳር እስከ ዳር ሞልቶ ወደ ውጭ ሊፈስ ምንም አልቀረው።

"ይሄ ሰውዬ ከሳሽ ነው ተከሳሽ?" አሉኝ።

"ኧረ ጋሼ፣ ቀልድ ነው። የሥዕል ታሪክ ነው።"

"ከራሱ በላይ ያለው ምንድን ነው?"

"ንግግሩ ነው።"

"እስቲ በአንድ ትንፋሽ አንብበው።"

ችሎታዬን ላሳያቸው ብዬ ደረቴን ነፍቼ ጀመርኩ። ስለ መንገዱ ጥበት፣ ስለ በርበሬው፣ ስለ ነዳጅ ወረፋ፣ ስለ መጀመሪያ ፍቅረኛው ሁሉ የሚያወራ አረፋ ነበር። ግማሹ ላይ ስደርስ ዓይኔ ቀላ፣ ድምፄ ቀጠነ፣ በመጨረሻ ሳል ገላገለኝ።

"አንተ ተቀምጠህ ነው እንዲህ የሆንከው" አሉኝ ወረቀታቸውን እየሰበሰቡ። "እሱ ደግሞ እየነዳ ነው።"

ሦስት ቀን ሙሉ ተናደድኩ። ማመልከቻ ጸሐፊ ስለ ጥበብ ምን ያውቃል እያልኩ ለእናቴ ሁሉ ከሰስኳቸው። በአራተኛው ቀን ማንም ሳያየኝ የነጂውን ንግግር ግማሹን ቆረጥኩት፣ የመጀመሪያ ፍቅረኛውም አብራ ሄደች።

ከዚያ በኋላ ምሳ ሰዓቴን እየቆጠብኩ ወደ ጃንጥላቸው መሄድ ጀመርኩ። እሳቸው ለመማር የመጣሁ መስሏቸው ነበር፤ እውነቱን ለመናገር የሄድኩት ስህተት ላገኝባቸው ነው። አንድ ቀን ከኤረር በር በኩል አንዲት እናት መጡ። የጎረቤት ጣሪያ ውሃ ግድግዳቸውን እየገዘገዘው ነው። ይህን ለመናገር ግን ከሠርጋቸው ቀን ጀመሩ። ጋሽ ዘውዴ ብዕራቸውን አስቀምጠው አዳመጡ። ባልየው ሞቱ፣ ልጆቹ አደጉ፣ ጎረቤትየው ቤቱን ገዛ፣ ጣሪያው ተቀየረ። አንዴም አላቋረጧቸውም። እኔ እንቅልፍ ሊወስደኝ ሲል ሴትየዋ ጨረሱ።

"አሁን ዳኛው ምን እንዲያደርጉልዎት ነው የሚፈልጉት?" አሏቸው ጋሽ ዘውዴ።

"ውሃውን ወዲያ ይውሰድልኝ።"

የማመልከቻው የመጀመሪያ መስመር ይኸው ሆነ። ጽፈው ሲጨርሱ አነበቡላቸውና ሁልጊዜ የሚጠይቁትን ጠየቁ፦ "ይሄ የእርስዎ አፍ ነው?" ሴትየዋ ትንሽ አስበው "ነው" አሉና አውራ ጣታቸውን ቀለሙ ላይ አሳረፉ።

ይህቺን ጥያቄ ሳይጠይቁ ማንንም አይሸኙም ነበር። አንድ ጎረምሳ ነጋዴ ማመልከቻው ሲነበብለት "ጋሼ፣ አቦ እንዴት ያለ አማርኛ ነው" ብሎ ቢያደንቅ፣ ወረቀቱን ዓይኑ እያየ ቀደዱት። "ዳኛው ፊት ስትቆም ይሄን አማርኛ ከየት ታመጣዋለህ? ተቀመጥ፣ እንደገና ንገረኝ" አሉት። ስህተት ሊፈልግ የመጣው ሰውዬ፣ ማለት እኔ፣ ያን ቀን አንገቱን ደፍቶ ወደ ሥራው ተመለሰ።

ከዚያ ወዲህ ፍርድ ቤቱ ሲዘጋ እሳቸው ወደኔ ይመጡ ጀመር። ከወንበሬ ጀርባ ቆመው ጣታቸውን ስክሪኑ ላይ ያሳርፋሉ፤ የስክሪኔ መስታወት ሁልጊዜ በቀለም የተነካካ ነበር። የኔ አሠራር አንድ ጊዜ የሠራሁትን ባዶ አረፋ ኮፒ እያደረግኩ በየሰው ራስ ላይ መለጠፍ፣ ከዚያ ቃሉን እንደምንም ውስጡ መጠቅጠቅ ነበር። አልበቃ ሲለኝ ፊደሉን አሳንሰዋለሁ። ሲተርፈኝ ደግሞ ባዶው እንዳያስጠላ ቃል እጨምራለሁ። ይህን ሲያዩ ጭንቅላታቸውን ያዙ።

"ጫማ ሰፍተህ ነው እንዴ እግር የምትፈልገው? መጀመሪያ ቃሉን ጻፍ። ከዚያ ዙሪያውን እጠረው።"

ተከራከርኳቸው። በሶፍትዌር ሥራ እንዲህ አይደለም፣ ዓለም በሙሉ በሌየር፣ አንዱን በአንዱ ላይ እየደረበ ነው የሚሠራው፣ አልኳቸው። "ዓለም በሙሉ ይምጣና በአንድ ትንፋሽ ያንብበው" አሉኝ። እንዳሉት አደረግኩ። ቃሉን አስቀድሜ ጻፍኩ፣ ጮክ ብዬ አነበብኩ፣ የማይባለውን አወጣሁ፣ የቀረውን በልኩ አጠርኩት። ነጂዬ ሰው ሆነ። አንባቢዎቼም በዙ፤ አክስቴ ተጨመረች።

ጉሮሯቸው መሻከር የጀመረው በዚያው ዓመት ነው። ጉንፋን ነው ይሉ ነበር። ጉንፋኑ ወራት ሲቆይ ልጃቸው እመቤት፣ ጤና ጣቢያ የምትሠራ ነርስ ናት፣ እየጎተተች አዲስ አበባ ወሰደቻቸው። ሲመለሱ አንገታቸው ላይ ፎጣ ነበረ፣ ድምፅ ግን አልነበረም። ቀዶ ጥገናው የቀኝ ትከሻቸውንም ጎድቶት ክንዳቸው ከደረታቸው በላይ አይነሳም። መጻፍ ግን ይጽፋሉ። ደረት ኪሳቸው ውስጥ ትንሽ ማስታወሻ ደብተር ያዙና ጃንጥላቸውን እንደገና ዘረጉ። ማዳመጥ ድምፅ አይፈልግም።

ያቃጠላቸው ዝምታው አልነበረም፣ ሰዉ ነበር። ድምፃቸው ከሄደ በኋላ ሰው እሳቸውን ማናገር ተወ። ፊታቸው ቁጭ ብሎ እመቤትን "ይበላሉ? ይተኛሉ?" ብሎ ይጠይቃል። የሚያናግራቸው ቢገኝ ደግሞ ይጮሃል፣ ቃል ይጎትታል፣ በእጁ ምልክት ይሠራል። እኔ ከሁሉም ብሼ ሦስቱንም አንድ ላይ አደርግ ነበር። "ጋሼ፣ ሻይ፣ ይ-ጠ-ጣ-ሉ?" ብዬ ስጮህ ከመንገዱ ማዶ ያለው ባለ ሱቅ ቀና አለ። ጋሽ ዘውዴ ደብተራቸውን አውጥተው ጻፉ፦ "አልደነቆርኩም። አንተ ግን ልታደነቁረኝ ነው።"

ልክሳቸው ብዬ የማውቀውን ነገር ሠራሁላቸው። የጥበብ ሰው ነኝ አይደል? ሃያ የሚሆኑ የንግግር አረፋዎች በሥርዓት ስዬ፣ ዙሪያቸውን በሰማያዊ አስጊጬ፣ እየነኩ እንዲያሳዩባቸው ስልካቸው ላይ ጫንኩላቸው። "እግዚአብሔር ይመስገን።" "ደህና ነኝ ልጄ።" "ውሃ ብታመጡልኝ።" "ስለ ሁሉም አመሰግናለሁ።" በጣም ነው የኮራሁት። የሚያለቅሱ መስሎኝ መሀረብ ሁሉ አዘጋጅቼ ነበር።

አንድ በአንድ አዩዋቸው። ከዚያ ደብተራቸውን ከፈቱ። "ይሄ ያንተ አፍ ነው" ብለው ጻፉ።

መሀረቡን ለራሴ ተጠቀምኩበት። ከዚያ ተቀምጠን እንደገና ሠራን፤ አሁን ቃሉን የሚጽፉት እሳቸው ነበሩ። "አትጩህብኝ።" "ወደኔ ዙርና ጠይቀኝ።" "ይሄ ውሸት ነው።" "አንተ ደግሞ አበዛኸው።" "ጨው የለውም።" ካዘጋጀሁላቸው ሃያ አረፋዎች አንዱም አልተረፈም። አዲሶቹን እያሳዩ በሰፈሩ ሲዞሩ ሁለት ሰው አስቀየሙ፣ ከሦስት ሰው ጋር ተከራከሩ፣ ፊታቸው ላይ ደም ተመለሰ።

እንዲህ እያለን የእመቤት ነገር መጣ። ዳዊት የሚባል መምህር ወዷታል፣ እሷም ወዳዋለች፣ ሽማግሌ ላከ። ሽማግሌዎቹን የሚመሩት ሐጂ ዩሱፍ ነበሩ፤ መኪና ግርግር በሚባለው የሰፊዎች መንገድ ላይ ልብስ ሰፊ ናቸው፣ ዳዊት በጉያቸው ያደገ የጎረቤት ልጅ ነው። በመጀመሪያው ቀን የሆነውን እመቤት ናት የነገረችኝ። ሽማግሌዎቹ ገብተው፣ ጉዳያችንን ሳንናገር አንቀመጥም ብለው፣ ቆመው ጠየቁ። መልሱን አቶ አበራ ያዙት። ስለ እመቤት ቅድመ አያቶች ከየት ተነስተው ሐረር እንደገቡ፣ በየትኛው ሰፈር እንደሰፈሩ፣ ማን ማንን እንደወለደ አወሩ። ሽማግሌዎቹ እግራቸው ዛለ። ጋሽ ዘውዴ ደብተራቸው ላይ ጽፈው ዘረጉ፤ አቶ አበራ ተቀበሏቸውና ንግግራቸውን ሳያቋርጡ ደብተሩን በገዛ ኪሳቸው ከተቱት። ሽማግሌዎቹ ለሁለት ሳምንት ተቀጥረው ሄዱ። ለአባትየው ቀና ብሎ ደህና ይዋሉ ያለ ሰው አልነበረም።

በማግስቱ አባትና ልጅ አብረው ማተሚያ ቤት መጡ። እመቤት ዓይኗ አብጧል።

"አባዬ በሕይወት ቁጭ ብሎ አጎቷ ዳራት ልባል ነው" አለችኝ። "ጋሽ አበራን አልጠላቸውም። ደግ ናቸው። ግን እኔን ለሰው ሲሰጠኝ አባቴ ራሱ እንዲሰጠኝ ነው የምፈልገው። ሌላ ምንም አልፈልግም።"

ጋሽ ዘውዴ ከጠረጴዛዬ ላይ ወረቀት ስበው ጻፉ፦ "አረፋ ሥራልኝ። ትልቅ። ከበሩ የሚነበብ። ኪስ የማይገባ።"

በሕይወቴ እንዲህ ያለ ትእዛዝ መጥቶልኝ አያውቅም። ወዲያው በወርቅማ ፊደል፣ በሁለት ርግብ፣ በጽጌረዳ ሐረግ ጀመርኩት። ቃሉንም እኔው አዘጋጀሁት፦ "የተከበራችሁ ሽማግሌዎች፣ የአብራኬን ክፋይ፣ የዓይኔን ብሌን..." ጋሽ ዘውዴ አንድ ዓይናቸውን ጨፈን አድርገው አዩኝ። ርግቦቹን አጠፋሁ። ጽጌረዳውን አጠፋሁ። ብሌኑም ሄደ። ከዚያ የራሳቸውን ወረቀት ሰጡኝ፣ አራት ጊዜ ተሰርዞ የተጻፈ ነው። የተረፈው ይህ ነበር፦

"ልጄን ሰጥቻለሁ። ስትስቅ ነው ያሳደግኳት።"

"አደራ የሚል እንጨምርበት?" አልኳቸው። ራሳቸውን በእምቢታ ነቀነቁ። ከሥር በትንሹ "ገብቷቸዋል" ብለው ጻፉ። እመቤት ወረቀቱን አንብባ ፊቷን ወደ መስኮቱ አዞረች።

ሥራውን እንደ ተማርኩት ሠራሁት። ቃሉን አስቀድሜ ጮክ ብዬ በአንድ ትንፋሽ አነበብኩት፤ ትንፋሽ ተረፈኝ። ፊደሉን ደማቅ አደረግኩት። ዙሪያውን በልኩ አጠርኩት። የጋሽ ዘውዴን ፎቶ ስክሪኑ ላይ አስቀምጬ፣ አረፋውን ከጎናቸው አድርጌ፣ ጅራቱን ወደ ቀኝ አውርጄ ልክ ከንፈራቸው ላይ አሳረፍኩት። ፍጹም ነበረ። በወፍራም ፎም ላይ አተምኩት፣ ዳር ዳሩን በምላጭ ቆረጥኩት፣ ከኋላ የመጥረጊያ እንጨት በእጀታነት መታሁበት። የትልቅ ትሪ ያህላል። ጅራቱ ብቻውን አንድ ክንድ ነው። ሥራዬን ሳየው ራሴን ወደድኩት፤ ይህ ስሜት ሲመጣብኝ መጠንቀቅ ነበረብኝ።

የቀጠሮው ቀን እሑድ ከቅዳሴ መልስ ነበር። እኔ "ምናልባት ቢሰበር" ተብዬ ከነማጣበቂያዬ ተጠርቼ፣ ከእመቤትና ከአክስቶቿ ጋር ጓዳ ገባሁ። ሙሽሪት ወደ ሳሎን ማየት ነውር ስለሆነ፣ በመጋረጃው ቀዳዳ ማየት የኔ፣ መስማት የሷ ድርሻ ሆነ። ጋሽ ዘውዴና፣ በግራቸው በኩል፣ አቶ አበራ ከሽማግሌዎቹ ፊት ለፊት ሁለት ወንበር ላይ ጎን ለጎን ተቀምጠዋል። ሽማግሌዎቹ አራት ናቸው።

"ጋሽ ዘውዴ፣ በቀጠራችሁን ቀን መጥተናል" አሉ ሐጂ ዩሱፍ። "ኢንሻአላህ ባዶ እጃችንን አትመልሱንም።"

አቶ አበራ ጉሮሯቸውን ጠረጉ። ሰባት ትውልድ የሚያስኬድ አየር ሲስቡ አየሁ። ይኼኔ ጋሽ ዘውዴ ከወንበራቸው ሥር አረፋውን አውጥተው ከፍ አደረጉት፤ ያነሱት ግን በግራ እጃቸው ነበር።

ክው አልኩ። ቀኝ ክንዳቸው አይነሳም። ይህን ስንት ወር ዓይኔ እያየ ኖሬያለሁ። ሻዩን በግራ እጃቸው ሲጠጡ አይቻለሁ፣ ባርኔጣቸውን በግራ እጃቸው ሲያወልቁ አይቻለሁ፤ ጅራቱን የሳልኩት ግን በቀኝ እጁ አረፋ ለሚያነሳ ሰው ነበር። በግራ እጅ ሲነሳ አረፋው በሁለቱ ሰዎች መሀል ቆመ፣ ክንድ የሚያህለው ጅራት ከጋሽ ዘውዴ ሸሽቶ ሄደና የአቶ አበራ አገጭ ሥር ገባ።

አቶ አበራ ዝቅ ብለው ጅራቱን አዩት። ከዚያ ጽሑፉን አዩት። የተሰጣቸው ሥራ መሰላቸው፣ አይፈረድባቸውም። ድምፃቸውን ከፍ አድርገው፣ ግጥም እንደሚያነብ ሰው፣ "ልጄን ሰጥቻለሁ! ስትስቅ ነው ያሳደግኳት!" አሉ። ሽማግሌዎቹ ብድግ አሉ። ሐጂ ዩሱፍ ሄደው የአቶ አበራን ጉልበት ያዙ።

"ጋሽ አበራ፣ አላህ ይስጥልን። ያክብርልን።"

ጋሽ ዘውዴ አረፋቸውን እንዳነሱ ቀርተዋል። ማንም አያያቸውም።

"ማነው የመለሰው?" አለችኝ እመቤት ከኋላዬ።

ፊቴን ወደ መጋረጃው መለስኩ።

"አጎቴ ናቸው አይደል?" አለች። አንገቷን ደፍታ ነጠላዋን ጥፍሯ ላይ ትጠቀልል ጀመር። በሰው ልጅ ላይ እንዲህ ያለ በደል የሠራሁበት ሌላ ቀን አላስታውስም። ሮጬ ገብቼ ያን ጅራት በጥርሴ ልቆርጠው ፈለግኩ፤ አንደኛዋ አክስት ሸሚዜን ይዘው "የት ልትገባ ነው አንተ ቀውስ?" አሉኝ።

ያኔ ጋሽ ዘውዴ ተነሱ። ቀስ ብለው ነው የተነሱት፣ ከታመሙ ወዲህ ጉልበታቸው ደክሟል። የአቶ አበራን ትከሻ በሁለት ጣት ነካ ነካ አድርገው "ተነስ" የሚል ምልክት ሰጧቸው። አቶ አበራ ግራ ገብቷቸው ተነሱ። ጋሽ ዘውዴ በአቶ አበራ ወንበር ላይ ተቀመጡ፤ አቶ አበራን ደግሞ እሳቸው በተነሱበት ወንበር ላይ አስቀመጧቸው። ከዚያ የመጥረጊያውን እንጨት በአቶ አበራ ግራ እጅ ውስጥ አስገቡ። ክንዳቸውን ከፍ፣ ዝቅ፣ ትንሽ ወደዚህ እያደረጉ አስተካከሉት። አሁን ጅራቱ ከአቶ አበራ ዘንድ ተነስቶ መጣና ልክ የጋሽ ዘውዴ አፍ ላይ አረፈ።

አቶ አበራ ሊያነቡ አፋቸውን ከፈቱ። ጋሽ ዘውዴ ጣታቸውን በራሳቸው ከንፈር ላይ አደረጉ።

አቶ አበራን ከጋሽ ዘውዴ ሞት በፊት ዝም ብለው ያየኋቸው ያን ጊዜ ብቻ ነው። ትንሽ ቆይቶ ገባቸው መሰለኝ፣ ፊታቸው ቀላ፣ ከዚያም ቀጥ ብለው ተቀመጡና ሰሌዳውን በሁለት እጃቸው ደግፈው ያዙት። ደግ ሰው ናቸው ብዬ የለም?

ሐጂ ዩሱፍ አንዴ አቶ አበራን፣ አንዴ ጋሽ ዘውዴን አዩ። ለመርፌ ክር የሚያደርጉትን መነጽር ከኪሳቸው አውጥተው አደረጉ። ከንፈራቸውን እያንቀሳቀሱ፣ ድምፅ ሳያሰሙ፣ ቃል በቃል አነበቡት። ሌሎቹ ሦስቱም አነበቡት። ከውጭ የአንድ ባጃጅ ጡሩንባ ተሰማ።

ከዚያ ሐጂ ዩሱፍ መጥተው ጋሽ ዘውዴ ፊት ቆሙ። ጎንበስ ብለው ጉልበታቸውን ያዙ፣ ቀና ብለውም ዓይን ዓይናቸውን እያዩ ተናገሩ። አልጮሁም፣ ቃል አልጎተቱም፣ በእጃቸው ምልክት አልሠሩም።

"ጋሽ ዘውዴ፣ ሰምተናል" አሉ። "ወላሂ፣ ስትስቅ ነው የምትኖረው።"

ጋሽ ዘውዴ በግራ እጃቸው የሐጂን እጅ ጨበጡና አልለቀቁትም። የእንባቸው መንገድ ጉንጫቸው ላይ ከመጋረጃው ኋላ ሆኜ ይታየኝ ነበር። አክስቶቹ እልል ማለት ጀመሩ። እኔ በአንድ እጄ ማጣበቂያዬን፣ በአንዱ መጋረጃውን ይዤ እንደ ሕፃን እንሰቀሰቃለሁ።

እመቤት እጄን ያዘችኝ።

"አሁንስ?" አለችኝ። "ማነው የመለሰው?"

"አባትሽ" አልኳት።